ድንችን በስኳር ውሃ መመዘን፦ ኦስሞሲስን በቁጥር የማግኘት መመሪያ

የድንች ሙከራ የማይሠራበት ትምህርት ቤት ጥቂት ነው። አንዱ ቁራጭ በንጹሕ ውሃ፣ ሌላው በጨው ውሃ ይነከራል። ቆይቶ ሲታይ የመጀመሪያው ጠንክሯል፣ ሁለተኛው ልሟል። ተማሪው «ኦስሞሲስ» ብሎ ይጽፍና ደብተሩን ያጥፋል። ሙከራው እዚያ ላይ መቆሙ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ያው ድንች ጥቂት ስኳርና ትዕግሥት ቢጨመርለት፣ ሕዋሱ ውሃን በምን ያህል ኃይል እንደሚስብ በቁጥር ይነግረናል። ይህ መመሪያ ለሥነ ሕይወት መምህራንና ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። የተሟላ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም፤ አብዛኛው ዕቃ ከገበያና ከመድኃኒት ቤት ይገኛል።

ከመጀመራችን በፊት ምን እንደምንለካ እንወቅ። እያንዳንዱ ሕዋስ ውፍረቱ 10 ናኖ ሜትር እንኳ በማይሞላ ሽፋን ተከቧል። ሽፋኑ የሁለት ረድፍ የስብ ሞለኪውሎች ሲሆን በመካከላቸው ፕሮቲኖች ተሰክተዋል፤ ሳይንቲስቶቹ ሲንገርና ኒኮልሰን በ1972 ያቀረቡት ሥዕል ይህ ነው። ውሃ በዚህ ሽፋን በቀላሉ ያልፋል። አኳፖሪን የሚባሉ፣ ውሃን ብቻ የሚያሳልፉ የፕሮቲን ቦዮችም አሉት፤ እነዚህን ያገኘው ፒተር አግሬ በ2003 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ስኳር ግን እንደ ውሃ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ በሽፋኑ ግራና ቀኝ የስኳርና የጨው መጠን ሲለያይ፣ የሟሟው ነገር ወደበዛበት ወገን የሚሄደው ውሃው ነው፤ ኦስሞሲስ የሚባለው ይህ ነው። የድንቹ ክብደት የሚጨምረውም የሚቀንሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሁለት ትልልቅ ትኩስ ድንቾች፣ 70 ግራም ያህል ነጭ ስኳር፣ ስድስት ብርጭቆዎች፣ ስለታም ቢላዋ፣ ማስመሪያ፣ ሶፍት፣ የብርጭቆ መክደኛ ላስቲክና የግራፍ ወረቀት አዘጋጁ። ውሃ ለመለካት መርፌ የሌለው 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ከሁሉም ይመረጣል፤ ርካሽ ነው፣ መለኪያውም አስተማማኝ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚቸግረው ሚዛን ነው። አንድ ግራምን ብቻ የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን ለስኳሩ ይበቃል፤ ለድንቹ ግን አይበቃም። በአንድ ብርጭቆ የምትጨምሩት ድንች 13 ግራም ያህል ስለሚሆን፣ የአንድ ግራም ስህተት ከ7 በመቶ በላይ ነው። ይህ ደግሞ ልትለኩት ከፈለጋችሁት ለውጥ ጋር የሚቀራረብ ነው። ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት ትንሽ ሚዛን ካገኛችሁ ችግሩ ተፈታ። ካላገኛችሁ ርዝመት ለኩ፤ ቁራጮቹን 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ረጅም አድርጋችሁ ቁረጡና በሚሊ ሜትር መዝግቡ። ነገር ግን የርዝመት ለውጥ ከክብደት ለውጥ ሲሶ ያህሉን ብቻ ነው፤ ክብደቱ 12 በመቶ ሲጨምር ርዝመቱ የሚጨምረው 4 በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ በርዝመት የምትለኩ ከሆነ በየብርጭቆው ቢያንስ አምስት ቁራጭ ጨምራችሁ አማካዩን ውሰዱ።

ደረጃ 1፦ ዋናውን የስኳር ውሃ ማዘጋጀት

የገበታ ስኳር ሱክሮዝ ነው፤ አንድ ሞል (የሞለኪውሎች ብዛት የሚለካበት አሃድ) ሱክሮዝ 342 ግራም ይመዝናል። የምንፈልገው 200 ሚሊ ሊትር አንድ ሞላር፣ ማለትም በሊትር አንድ ሞል ያለው፣ የስኳር ውሃ ስለሆነ 68.4 ግራም ስኳር ያስፈልገናል፤ 68 ግራም ብትመዝኑም ይሆናል። ስኳሩን 120 ሚሊ ሊትር በሚሆን ለብ ያለ ውሃ አሟሙና አቀዝቅዙት። ከዚያ በኋላ ጠቅላላው 200 ሚሊ ሊትር እስኪሆን ድረስ ውሃ ሙሉበት።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በጥንቃቄ አንብቡልኝ። በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ 68 ግራም ስኳር መጨመርና ስኳሩን አሟምቶ እስከ 200 መሙላት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስኳሩ ራሱ 42 ሚሊ ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። በመጀመሪያው መንገድ የሚገኘው ወደ 242 ሚሊ ሊትር ስለሚሆን ጥንካሬው 0.83 ሞላር ላይ ይቀራል። ውጤታችሁም ከዚያ በኋላ ሁሉ የተዛባ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ማቅጠን

ብርጭቆዎቹን ከ0 እስከ 1.0 ቁጥር ጻፉባቸው። በስድስቱ ውስጥ በቅደም ተከተል 0፣ 10፣ 20፣ 30፣ 40 እና 50 ሚሊ ሊትር ዋናውን የስኳር ውሃ ጨምሩ፤ እያንዳንዱን በንጹሕ ውሃ 50 ሚሊ ሊትር አድርሱት። ጥንካሬያቸው 0፣ 0.2፣ 0.4፣ 0.6፣ 0.8 እና 1.0 ሞላር ይሆናል። በደንብ አማስሉ፤ ስኳር ያለበት ውሃ ከባድ ስለሆነ ካልተማሰለ ከታች ይተኛል።

ደረጃ 3፦ ድንቹን መቁረጥ

ልጣጩን ሙሉ በሙሉ አንሡ፤ ልጣጩ ውሃ ስለማያሳልፍ ልጣጭ የቀረበት ቁራጭ ከሌሎቹ ጋር አይወዳደርም። ከዚያም 1 ሴንቲ ሜትር በ1 ሴንቲ ሜትር በ4 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 18 ቁራጮች አውጡ። በሁለት ድንች የምትጠቀሙ ከሆነ አንዱን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ብርጭቆዎች ሌላውን ለቀሩት አታድርጉ፤ ሁለት ድንቾች የውሃ መጠናቸው እኩል አይደለም። ቁራጮቹን ቀላቅላችሁ ለየብርጭቆው ከሁለቱም ስጡ። የተቆረጠ ድንች አየር ላይ ሲቆይ ውሃ ስለሚያጣ ሥራው ፈጠን ማለት አለበት። ውሃ ውስጥ ነክሮ ማቆየት ደግሞ ሙከራውን ሳይጀመር ያበላሸዋል።

ደረጃ 4፦ መመዘን፣ መንከር፣ መጠበቅ

ለእያንዳንዱ ብርጭቆ የሚገቡትን ሦስት ቁራጮች በሶፍት አድርቃችሁ በአንድነት መዝኑና ክብደቱን ጻፉ። ሁሉንም በተቀራራቢ ሰዓት ንከሩ። በ0.8 እና በ1.0 ብርጭቆዎች ውስጥ ድንቹ ብዙውን ጊዜ ይንሳፈፋል፤ ያ የስኳር ውሃ ከድንቹ ስለሚከብድ ነው። ተንሳፎ የወጣው ጎን ከስኳር ውሃው ጋር ስለማይነካካ በትንሽ ማንኪያ ተጭናችሁ አስጥሙት። ብርጭቆዎቹን በላስቲክ ክደኑ፣ አለበለዚያ ውሃው ይተንና ጥንካሬው ይጨምራል።

አንድ ሰዓት ለውጥ ለማየት ይበቃል፤ ለቁጥር ግን አይበቃም። ከ4 ሰዓት በላይ ብትጠብቁ መልካም ነው፤ ማታ አስቀምጦ ጠዋት መመዘንም ይቻላል። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ከተሞች ግን ሌሊቱን ሙሉ ከቆየ መሽተት ስለሚጀምር፣ እዚያ ያላችሁ ጠዋት ነክራችሁ ከሰዓት በኋላ መዝኑ።

ደረጃ 5፦ ማድረቅና ማስላት

በእኔ እምነት የሙከራው ዕጣ የሚወሰነው በሶፍቱ ነው። አንዱን ቁራጭ አጥብቆ የሚጨምቅ፣ ሌላውን ነካ አድርጎ የሚተው ሰው የሚያገኘው የእጁን ልዩነት እንጂ የድንቹን አይደለም። ሥራውን ለአንድ ሰው ስጡ፤ ያ ሰው እያንዳንዱን ቁራጭ በአራቱም ጎን አንድ አንድ ጊዜ ሶፍቱ ላይ ያገላብጠው፤ መጫን አያስፈልግም።

የመቶኛ ለውጡ የሚገኘው ከመጨረሻው ክብደት የመጀመሪያው ተቀንሶ፣ ለመጀመሪያው ተካፍሎ በ100 ሲባዛ ነው። ለምሳሌ 13.0 ግራም የነበረው 14.6 ከሆነ ለውጡ +12.3 በመቶ ነው፤ 12.8 የነበረው ወደ 10.9 ከወረደ −14.8 በመቶ ነው። በግራም ብቻ ማወዳደር አይቻልም፤ ሲጀመር የሁሉም ክብደት እኩል አልነበረምና።

አሁን ግራፉን ሥሩ። የስኳሩ ጥንካሬ በአግድም፣ የመቶኛ ለውጡ በቁም ይሁን። መስመሩ ከላይ ተነሥቶ ወደ ታች እየወረደ ዜሮን የሚያቋርጥበት ቦታ የምትፈልጉት ቁጥር ነው። በዚያ ጥንካሬ ላይ ድንቹ ውሃ አልወሰደም፣ አልሰጠምም። ግራፍ ወረቀት ከሌለ በስሌትም ይወጣል፤ ለምሳሌ በ0.2 ሞላር ለውጡ +4፣ በ0.4 ሞላር −5 ቢሆን፣ ማቋረጫው 0.2 ሲደመር የ0.2 አራት ዘጠነኛ፣ ማለትም 0.29 ሞላር አካባቢ ነው። ለትኩስ ድንች በ0.2 እና በ0.4 መካከል ያለ ቁጥር የሚጠበቅ ነው።

እዚህ ላይ አትቁሙ። በ1901 የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የሆላንዱ ቫንት ሆፍ ያሳየው ስሌት ጥንካሬውን ወደ ግፊት ይቀይርልናል፤ ጥንካሬውን በ0.0831 እና በኬልቪን በተለካ ሙቀት ማባዛት ብቻ ነው። ክፍሉ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ 295 ኬልቪን ነው፤ 0.29 በ0.0831 በ295 ሲባዛ 7.1 ባር ይመጣል፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው ወደ 2.3 ባር ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ድንች ውሃን የሚስበው የመኪና ጎማ ግፊት ሦስት እጥፍ በሚሆን ኃይል ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ስቦ የማይፈነዳው ከሽፋኑ ውጭ ጠንካራ የሕዋስ ግድግዳ ስላለው ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ግድግዳ የለውም፤ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢገባ ያብጥና ይፈነዳል። በሆስፒታል በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውሃ በሊትር 9 ግራም ጨው እንዲኖረው የተደረገውም ለዚህ ነው፤ ከደም ጋር እኩል ስለሆነ ሕዋሱ አያብጥም፣ አይኮማተርም።

በተቅማጥ ለተያዘ ሕፃን የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም በዚህ ሕግ የሚሠራ ነው፤ ክፍል ውስጥ ሳይነሣ ባይታለፍ እወዳለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ2002 ጀምሮ የሚመክሩት ቅመም በሊትር 2.6 ግራም የገበታ ጨውና 13.5 ግራም ግሉኮስ አለው፤ ፖታሲየም ክሎራይድና ሲትሬትም ተጨምሮበታል። ግሉኮሱ ለጣዕም የገባ አይደለም። በአንጀት ሕዋሳት ሽፋን ላይ ሶዲየምንና ግሉኮስን አብሮ የሚያስገባ ፕሮቲን አለ፤ ሁለቱ ሲገቡ ውሃው ይከተላል። ፓኬቱን ከታዘዘው ባነሰ ውሃ መበጥበጥ አደገኛ የሚሆነውም በ1.0 ብርጭቆ ውስጥ ባያችሁት ምክንያት ነው፤ ከመጠን በላይ የጠነከረው ውሃ ከሰውነት ወደ አንጀት ውሃ ይስባል። ፓኬቱ ለ1 ሊትር ከሆነ በ1 ሊትር፣ ሌላ መጠን ከተጻፈበት በተጻፈው ብቻ ይበጥበጥ።

ሥራው የሽፋኑ መሆኑን ማረጋገጥ

ጥሩ ተማሪ «ድንቹ እንደ ስፖንጅ ስቦት ቢሆንስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን በሙከራ ስጡት። ሁለት ድንች ወስዳችሁ አንዱን ቀቅሉ። የሁለቱንም ታች ልጣጭ አንሥታችሁ ጠፍጣፋ አድርጉ፤ ከላይ በማንኪያ ጎድጓዳ ፈልፍሉ፤ ጥቂት ውሃ ባለበት ሳህን ላይ አስቀምጧቸው። በየጎድጓዳው አንድ አንድ ማንኪያ ደረቅ ስኳር ጨምሩ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ የጥሬው ጎድጓዳ በፈሳሽ ይሞላል፤ የተቀቀለው እንደዚያ አይሞላም። ሙቀቱ ሽፋኖቹን ስላፈረሰ ስኳሩን የሚያግድ የለም፤ የሚያግድ ከሌለ ውሃ የሚስብ ኃይልም የለም።

ሽፋኑ የሚፈርሰው በስንት ዲግሪ ነው? ይህን ቀይ ሥር ይመልሳል። የቀይ ሥር ቀለም ቤታሲያኒን ይባላል፤ የሚቀመጠው በሕዋሱ መካከል ባለው ቫኪዩል በሚባል ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ውስጥ ነው። ስለዚህ ወደ ውጭ ለመውጣት ሁለት ሽፋን መሻገር አለበት፣ የቫኪዩሉንና የሕዋሱን። ቀይ ሥሩን በ1 ሴንቲ ሜትር ኩብ ቁረጡና ውሃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግማችሁ እጠቡ። ይህ እጥበት መዘለል የለበትም፤ ቢላዋው የቀደዳቸው ሕዋሳት የሚያፈሱት ቀለም ውጤቱን ያበላሸዋል።

ቴርሞሜትር ከሌላችሁ የተለያየ ሙቀት ያለው ውሃ በመቀላቀል ይገኛል። ግን ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብላችሁ አትነሡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባሕር ዳር በ94 አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ የቧንቧው ውሃ 20 ዲግሪ ከሆነ፣ 28 ሚሊ ሊትር የፈላና 72 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ሲቀላቀሉ 40 ዲግሪ ይሆናል፤ እኩል ለእኩል 56፣ 70 በ30 ደግሞ 70 ዲግሪ ይሰጣል። ብርጭቆው ራሱ ጥቂት ሙቀት ስለሚወስድ ቀድማችሁ በሙቅ ውሃ አለቅልቁት። በእነዚህ ሦስትና በ20 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አንድ አንድ ኩብ ለ2 ደቂቃ አቆዩ፤ አውጥታችሁ በ20 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ተዉት።

ውጤቱን «ቀላ፣ በጣም ቀላ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ከሁሉ የቀላውን ውሃ ወስዳችሁ ግማሽ፣ ሩብና ስምንተኛ አድርጋችሁ አቅጥኑ፤ ይህ የቀለም መለኪያ ይሆናል። የየብርጭቆውን ውሃ በነጭ ወረቀት ፊት ከመለኪያው ጋር አስተያዩና ለየትኛው እንደሚቀርብ ጻፉ። በ20ና በ40 ዲግሪ ጥቂት ቀለም ብቻ ሲወጣ በ70 ዲግሪ ብዙ ይወጣል፤ በመካከሉ የፕሮቲኖቹ ቅርጽ ተበላሽቷል፣ የስቡም ረድፍ ላልቷል።

ማይክሮስኮፕ ያለው ትምህርት ቤት ይህንኑ በዓይን ማየት ይችላል። የቀይ ሽንኩርትን ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ስስ ቆዳ ላጡና በውሃ ጠብታ ተመልከቱ፤ ከዚያ በመሸፈኛው መስተዋት አንድ ጠርዝ 5 በመቶ የጨው ውሃ ጨምራችሁ በሌላው ጠርዝ በሶፍት ሳቡት። ቀለሙ ከግድግዳው እየተላቀቀ ወደ መካከል ሲሰበሰብ ይታያል። ጨዋማውን ውሃ በንጹሕ ውሃ ብትተኩት ይመለሳል።

በዚሁ ድንች ስለ ኢንዛይም፣ ማለትም በሕዋስ ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥን ስለሚያፋጥን ፕሮቲን፣ አንድ አጭር ሙከራም መሥራት ይቻላል። ከመድኃኒት ቤት 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ግዙ፤ በሦስት ጠባብ ብርጭቆ 5 ሚሊ ሊትር እየጨመራችሁ በአንዱ ሙሉ የድንች ቁራጭ፣ በሁለተኛው ያንኑ ያህል የተፈጨ፣ በሦስተኛው የተቀቀለና የተፈጨ አስገቡ። የአረፋውን ከፍታ በማስመሪያ ለኩ። ካታሌዝ የተባለው ኢንዛይም ፐሮክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክስጅን ይከፍለዋል፤ ሲፈጭ ብዙ ኢንዛይም ስለሚወጣ አረፋው ይበዛል፤ ሲቀቀል ይጠፋል። ፐሮክሳይዱ ዓይን እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ ለሙከራ የዋለ ነገር ሁሉ አይበላም።

ውጤቱ ካልተስተካከለ

የድንቹ መስመር ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘል ከሆነ መጀመሪያ የማድረቁን ሥራ ጠርጥሩ። በንጹሕ ውሃ የተነከረው ድንች ክብደት ከቀነሰ ብርጭቆዎቹ ተቀያይረዋል ወይም ድንቹ መበስበስ ጀምሯል። ሁሉም ብርጭቆ ውስጥ ክብደት ከጨመረ ዋናው የስኳር ውሃ ቀጥኗል፤ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ። ማቋረጫው ከ0.4 ካለፈ የድንቹን ታሪክ ጠይቁ፦ ሲቆይ የጠወለገ ድንች ውሃ ስላጣ አጥብቆ ይስባል፤ ፍሪጅ ውስጥ የሰነበተ ደግሞ በብርዱ ምክንያት ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣል። ሁለቱም ስህተት አይደሉም፤ እንዲያውም ያንን ድንች ለብቻው ለክታችሁ ከትኩሱ ጋር አወዳድሩት። ስኳር ድንችና ካሮትም በዚሁ መንገድ ይለካሉ፤ መስመሮቹን በተለያየ ቀለም በአንድ ግራፍ ላይ ሥሯቸው፣ የመለኪያውን ቀንና የክፍሉን ሙቀትም ጎን ላይ ጻፉ።